ሙታናችንን በምን እናስባቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመካከላችን ዘመድ ያልሞተበት የለም። አንዳችን አያታችንን፣ ሌላችን እናታችንን ወይም አባታችንን፣ ሌላችንም ከሕፃንነት ጀምረው የመከሩንን የንስሓ አባታችንን ቀብረናል። ስናስባቸው ፎቶግራፋቸውን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ስማቸው ሲነሣም «ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ነበሩ» እንላለን። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ከዚያ ሁሉ ኑሮ «ደግ ነበሩ» የሚለው ቃል ብቻ ይቀራል። ምን ሠርተው ደግ እንደ ተባሉ የቤቱ ታናሽ ልጅ አያውቅም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ክርስቲያን ያረፉትን ወገኖቹን እንዴት ማሰብ እንደሚገባው እንመለከታለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ከቁጥር 36 ጀምሮ በኢዮጴ ከተማ ስለ ነበረች ጣቢታ ስለምትባል ሴት እናነባለን። ይህች ሴት በሞተች ጊዜ ሐዋርያው ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። መበለቶቹም እያለቀሱ በዙሪያው ቆመው፣ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ልብስ አሳዩት። ልብ እንበል፤ ያለቀሱት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። ደግነቷን የሚመሰክር የእጇ ሥራ በእጃቸው ነበረ።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 ላይ የወጣቱን እምነት ሲያስብ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል። እምነት በቤተሰብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አደራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እንደዚሁም በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ቁጥር 7 ላይ የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማሩንን እንድናስብ፣ የኑሯቸውን ፍሬ ተመልክተን በእምነታቸው እንድንመስላቸው ታዘናል።

እንግዲህ ክርስቲያናዊ መታሰቢያ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንደኛው ማስረጃ፣ ይኸውም የሠሩት ሥራ ነው። ሁለተኛው ተረካቢ፣ ይኸውም ሥራውን የሚቀጥል ሰው ነው።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ

ምሳሌውን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከከተማችን ከናዝሬት፣ ከዛሬዋ አዳማ፣ ተነሥተን በሞጆ ታጥፈን መቂን ስናልፍ ዝዋይ እንደርሳለን፤ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ናት። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ታቦትና መጻሕፍት በክፉ ቀን ተሸሽገው እንደ ተጠበቁ አባቶቻችን ይተርካሉ። በዚህች ከተማ የሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳምና የካህናት ማሠልጠኛ ይገኛል። የዚህ ቦታ ስም ሲነሣ የብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ ስም አብሮ ይነሣል። ብፁዕነታቸው የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ናዝሬትም ዝዋይም በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ስለ ነበሩ ለእኛ ከተማ የቅርብ አባት ናቸው። በሥጋ ባይወልዱንም በመንፈስ ዘመዳችን ናቸው።

ብፁዕነታቸው ያገለገሉበት ዘመን ምን ዓይነት ነበር? በ1967 ዓ.ም. መሬት በመንግሥት ሲወረስ አብያተ ክርስቲያናት ይተዳደሩበት የነበረውን ርስት አጡ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ወጣቱ በየስብሰባውና በየውይይት ክበቡ «እግዚአብሔር የለም» የሚል ትምህርት ይሰማ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይህ ቀን እስኪያልፍ ዝም ብለን እንቀመጥ» ማለት ይቻል ነበር። ብፁዕነታቸው ግን እንዲህ አላሉም። የገጠር ካህናትንና ዲያቆናትን ወደ ዝዋይ እየሰበሰቡ አስተማሩ። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን አሳደጉ። በክረምት ወራትም የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን እየጠሩ ሃይማኖታቸውን እንዲማሩ አደረጉ።

ስለ ምን ተማሪዎችን ጠሩ? እኛ እንደምንረዳው፣ በዚያን ጊዜ በሁለት ወገን ጉድለት ነበረ። ተማሪው ዘመናዊውን ዕውቀት ይዞ፣ ባልንጀራው ስለ ሃይማኖቱ ሲጠይቀው መልስ ያጣ ነበር። ካህኑ ደግሞ ዜማውንና ቅዳሴውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለተማሪው ጥያቄ በተማሪው ቋንቋ መመለስ ግን ይቸግረው ነበር። ዝዋይ ሁለቱን በአንድ ግቢ አገናኘች። ብፁዕነታቸው በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ» የተሰኘው መጽሐፍም ለዚሁ ዓላማ የሚስማማ ነው። ወጣቱ የእናት ቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ በሚያነበው አማርኛ እንዲያገኝ አድርጓል።

ብፁዕነታቸው በሐምሌ ወር 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ በድንገት ዐረፉ። እግዚአብሔርን የሚክደው ሥርዓት ሲወድቅ ለማየት አልደረሱም፤ ሥርዓቱ የወደቀው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ሥራው አብሮ ተቀበረን? አልተቀበረም። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ በዚያ በረሃ ለጸሎት የሚሰበሰቡ ተማሪዎች ተገኙ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከብፁዕነታቸው እግር ሥር የተማሩ ወጣቶች በሥራው ውስጥ ነበሩበት። ዛሬም በስማቸው የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ያስተምራሉ። እንግዲህ የኢዮጴ መበለቶች የጣቢታን ልብስ እንዳሳዩ፣ የአቡነ ጎርጎርዮስ ልጆችም የሚያሳዩት አላቸው ማለት ነው። የሚያሳዩትም ከሁሉ በፊት ሰውን ነው፤ እርሳቸው ያስተማሩት ሰው ሌላውን ሲያስተምር ማየት ነው።

ይህ በየቤታችን ምን ማለት ነው?

«እርሳቸው ጳጳስ ነበሩ፤ የእኔ አያት ግን ተራ ሰው ናት» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አስተውለን እንይ። ለቅዳሴ መገበሪያና ዕጣን የምታመጣው፣ ከሰንበት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር የምትጠርገው፣ ለቆሎ ተማሪ እንጀራ የምትቆርሰው፣ የጎረቤቷን ወላጅ አልባ ልጅ ከልጆቿ ጋር የምታሳድገው ማን ናት? አያታችን አይደለችምን? እርሷ ስታርፍ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ እኛም እናለቅሳለን። በሚቀጥለው ወር ግን መገበሪያውን የሚያመጣ ይጠፋል። ያ የቆሎ ተማሪም ደጃችን ላይ ቆሞ ይመለሳል። አያታችን ሁለት ጊዜ ሞተች ማለት ይህ ነው። ሁለተኛውን ሞት ያመጣነውም እኛ ነን።

ይህን ስንል ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። የተዝካርም ዋና ነገሩ ለነዳያን መመጽወት ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ «ሰው ምን ይለናል» በማለት ተበድሮ ሲደግስ፣ ለልጆቹም ደብተር መግዣ ሲያጣ፣ ነዳያኑም በር ላይ ሲቀሩ፣ ተዝካሩ የሟቹ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ የደጋሹ ስም መጠሪያ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እናድርግ፦

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸውና በደብተር እንጻፍ። ያረፈው ዘመዳችን ማንን አስተማረ? ማንን አሳደገ? በየትኛው አጥቢያ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ምን አገለገለ? ያልሆነ ነገር አንጨምር። እውነተኛው ድካማቸው ይበቃቸዋል።

ሁለተኛ፣ ከሠሩት ሥራ አንዱን መርጠን እንረከብ። ለሁሉም አቅም ባይኖረን እንኳ መገበሪያውን ለማምጣት ወይም ለአንድ ሕፃን ፊደል ለማስቆጠር አናንስም።

ሦስተኛ፣ የመታሰቢያቸው ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ካስረከቡን ምን ሠራን? ምን ቀረን?» ብሎ ይጠያየቅ።

ጣቢታ በሐዋርያው ጸሎት ተነሥታለች። እኛ ግን ሙታናችንን የምናገኛቸው በትንሣኤ ቀን ነው። እስከዚያው መርፌውና ክሩ በእኛ እጅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከቤተሰባችን ካረፉት መካከል የአንዱን ሰው ሥራ በስምና በቦታ ለይተን መናገር እንችላለን?
2. በአጥቢያችን የሚያገለግል ሰው ስላረፈ የተቋረጠ ምን አገልግሎት አለ?
3. ያንን አገልግሎት ከመካከላችን ማን ይረከባል? ከመቼስ ጀምሮ?

እግዚአብሔር የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእኛም አደራቸውን የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።