ልጁ ራሱ ይታጠብ!

ውድ እጩ መምህራን ጓደኞቼ! ስለ ግል ንጽሕና ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሰኞ ማለዳ ሰልፍ ነው። ተማሪው ጥፍሩን ዘርግቶ ይቆማል፤ መምህሩ ያያል፤ የቆሸሸው ይመለሳል። እኔም በማስተማር ልምምድ ወቅት ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር። ፊቱን ያልታጠበ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ «ታጥበህ ና» ብዬ ወደ ቤቱ ሰደድኩት። ለካ ያን ዕለት ቤታቸው ውሃ አልነበረም። ልጁ አፍሮ ሁለት ቀን ቀረ። ታዲያ ምን አስተማርኩት?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠጋ ብዬ ተመለከትኩ። «እጃችንን መቼ እንታጠባለን?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ «ከምግብ በፊት! ከሽንት ቤት መልስ!» እያለ ይጮኻል። በእረፍት ሰዓት ግን የሚታጠብ የለም። ለምን ቢባል፥ የበርሜሉ ቧንቧ ለትንንሾቹ አይደረስም። በየቤታችንም ልጅ እንግዳ ያስታጥባል እንጂ የራሱን እጅ አስተጣጠብ ማን ያሳየዋል? ስለዚህ ልጁ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ መቻል አለበት። ለዚህም የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

1ኛ/ ውሃው ለልጁ ይቅረብ። አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከላይ በኩል በምስማር ይበሳና በሁለት ባላዎች መካከል ባለ አግዳሚ እንጨት ላይ፥ በልጁ ደረት ልክ ይንጠልጠል። ከአንገቱ የታሰረ ገመድ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር ይያያዝ። ልጁ እንጨቱን ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃውም ይወርዳል። ሳሙና ከጎኑ ይታሰር፤ ሳሙና ከጠፋም አመድ ይሠራል።

2ኛ/ ሥራው ይከፋፈል። እጅጌ መሰብሰብ፥ ማርጠብ፥ ሳሙና መምታት፥ መዳፍን፥ የእጅን ጀርባ፥ የጣቶችን መሐል ማሸት፥ የወስፋት እንቁላል የሚደበቅበትን ጥፍር ሥር መፈተግ፥ ከዚያ ማለቅለቅ። ማሸቱ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ይቆይ፤ ልጆቹ በቀስታ እስከ 20 ይቁጠሩ። ሒሳብም ተማሩ ማለት ነው!

3ኛ/ ፊትም አይረሳ። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ሲሆን፥ ፈሳሹን የሚያዛምቱት እጅ፥ ዝንብና የጋራ ፎጣ ናቸው። በሽታው ሲደጋገም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ይፍቃል፤ ውሎ አድሮም ያሳውራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ከሚመክራቸው አራት ዘዴዎች አንዱ የፊት ንጽሕና ነው።

4ኛ/ መምህሩ ቀስ በቀስ እጁን ይሰብስብ። በመጀመሪያ ሠርቶ ያሳይ፤ ቀጥሎ አብሮ ይሥራ፤ ከዚያ ቆሞ ይመልከት፤ በመጨረሻም ይተዋቸው። ልጁ ዘገየ ብለን ከነጠቅነው የሚማረው እኛን መጠበቅ ነው።

ያ የሰደድኩት ልጅ ተመልሶ መጣ። ጀሪካኑን ከሰቀልን በሁለተኛው ሳምንት ላግዘው ብጠጋ «ቆይ ጋሼ! ራሴ!» አለኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

ጓደኞቼ! ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፥ የልጁን ጥፍር ከማየታችን በፊት ውሃው የት እንዳለ እንይ።