በጎሪላ አንጀት ውስጥ ስለሚገኙ ረቂቃን ፍጥረታት

ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት በሰውና በእንስሳ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ብዙ ሰው ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሆድ ሊፈጨው ያልቻለውን ቅጠልና ሥራሥር እያብላሉ ላደሩበት አካል ምግብ የሚያደርጉለት ብዙዎች ናቸው። ወተት በታጠነ ቅል ውስጥ አድሮ የሚረጋው በነዚሁ ዘመዶች ሥራ ነውና፥ መምህሩ ነገሩን በእርጎ ምሳሌ ቢያስረዳ ለተማሪዎቹ ይቀላቸዋል።

በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሄንሪ ቲሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ፥ በፓሪስ ፓስተር ተቋም ሲመረምር፥ ጡት ከሚጠባ ሕፃን ዓይነ ምድር እንደ ባላ እንጨት ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ባክቴሪያ አገኘ። የዚህ ወገን ስም ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም ይባላል። በ2014 ደግሞ በጋቦን አገር፥ በሙካላባ ዱዱ ብሔራዊ ፓርክ በዱር ከሚኖር ጎሪላ ዓይነ ምድር የተገኘ ሌላ ዓይነት በስፍራው ስም ቢፊዶባክቴሪየም ሙካላቤንሴ ተባለ።

አዲስ ዓይነት ነው ለማለት በአጉሊ መነጽር ማየት አይበቃም፤ መልካቸው ተመሳሳይ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ብዙዎች ናቸውና። አስቀድሞ ጎሪላው የጣለው ትኩስ ዓይነ ምድር ይሰበሰባል። ቢፊዶባክቴሪየም ኦክሲጅን ባለበት ደኅና አድርጎ አያድግምና አየር በማይገባበት ዕቃ ይዘራል፤ አንድ ዘር ብቻ እስኪቀርም ደጋግመው ይለዩታል። የትኛውን ስኳር እንደሚያብላላ ከተፈተነ በኋላ፥ ዲ ኤን ኤ የሚባለው የባሕርይው ጽሕፈት ይነበባል። ሊቅ ሁለት የብራና ቅጂዎችን ቃል በቃል እንደሚያመሳክር፥ ይህም ቀድሞ ከታወቁት ጋራ ይመሳከራል፤ መላው ጽሕፈት የሚስማማው ከመቶ ከ95 ወይም ከ96 እጅ በታች ሲሆን ሌላ ዓይነት ነው ይባላል። ይህ ወሰን ሊቃውንት የተስማሙበት ነው እንጂ ፍጥረት ራሷ ያሰመረችው አይደለም። ስሙም የሚጸድቀው ሕያው ዘሩ በሁለት አገሮች ባሉ ማከማቻዎች ሲቀመጥ ነው፤ ሌላው ተመራማሪ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዘሩን ማየት አለበትና።

ሥራው ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የምዕራብ ቈላ ጎሪላ በአደንና በኢቦላ በሽታ ምክንያት ሊጠፋ ተቃርቧል፤ በአንጀቱ ብቻ የሚኖሩ ካሉም አብረውት ይጠፋሉ። እንስሳውን በመካነ አራዊት ማኖር ይህን አያድንም፤ በ2016 በወጣ ጥናት የታሰሩ ጦጣዎች የአንጀት ባክቴሪያ በዓይነቱ አንሶ የሰውን እየመሰለ መሄዱ ታይቷልና።

በኢትዮጵያም የስሜን ጭላዳ ተመርምሯል። በ2021 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፥ ጭላዳ በዝናም ጊዜ ለምለም ሣር ሲግጥ ሣር አብላዮቹ ይበዛሉ፤ በበጋ ከመሬት በታች ያለውን ሥር ቈፍሮ ሲበላ ደግሞ የሥሩን ስታርች የሚያፈርሱት ይበረታሉ። ይህ የታወቀው ጽሕፈታቸውን በማንበብ ነው እንጂ ዘራቸውን በማሳደግ አይደለም፤ እያንዳንዱን አሳድጎ ለይቶ ስም ማውጣት ሌላ ሥራ ነው።