ሺንኮቲግን በኅዳር

ስለ ሺንኮቲግ የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሰማው ስለ ፈረሶቹ ነው። በጁላይ የመጨረሻው ረቡዕ ድንክ ፈረሶቹ ሰርጡን ዋኝተው ሲሻገሩ ለማየት ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ማደሪያ ይጠፋል፤ ትንኙም መቆሚያ መቀመጫ ይነሳል። እኔን ያማከረኝ ሁሉ በኅዳር እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ይህ የቨርጂኒያ ጠረፍ በ1943 (እ.ኤ.አ.) የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ የተከለለው ለፈረስ ሳይሆን ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ብርዱን ሸሽተው ለሚወርዱ አእዋፍ፣ በተለይም የክንፋቸው ጫፍ ብቻ ለጠቆረ ነጫጭ ዝይዎች ነው።

ከዋሽንግተን የሚነሳ ሰው በመንገድ 50 የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ (የሚከፈለው ሲሄዱ ብቻ ነው) እስከ ሶልዝበሪ፣ ከዚያ በመንገድ 13 ወደ ደቡብ ወርዶ በ175 ይታጠፋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ቢይዙለት ይበቃል። መጠለያው ያለው በአሳቲግ ደሴት ላይ ቢሆንም፣ ጂፒኤሱ ላይ «አሳቲግ» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። ደሴቲቱ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ መግቢያ ስላላት፣ በውስጥም ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ስለማይኬድ፣ የተሳሳተ በር ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

ዋናው ነገር ስኖው ጉስ የተባለውን ኩሬ የሚዞረው የ3.2 ማይል መንገድ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በአሜሪካው 3) የእግረኛና የብስክሌት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪና ይገባል። አዛውንት ወላጅ ይዘው ከሆነ የመኪናው ሰዓት ይሻላል፤ ወፎቹ መኪናን የሰውን ያህል አይሸሹም። ግን በኅዳር ጀምበር ቶሎ ስለምትጠልቅ ሁለት ሰዓት እንኳ አይተርፍዎትም። መራመድ የሚችል ሰው ማለዳ ይምጣ። ንስር በዝይዎቹ ላይ ሲያልፍ መንጋው እንዳለ ግር ብሎ ይነሳል፤ በዚያ ጩኸት መካከል ጓደኛዎ የሚለውን አይሰሙም።

የኩሬዎቹ ውሃ እንዲሁ የተተወ አይደለም። የመጠለያው ሠራተኞች በፀደይ ያጎድሉታል፣ የባሕር ዳር ወፎች ጭቃውን እየቆፈሩ እንዲመገቡ፤ በመኸር መልሰው ይሞሉታል፣ ዳክዬና ዝይ እንዲያርፍበት።

ጊዜ ከተረፈዎት የጫካው መንገድ 1.6 ማይል ነው፤ በ2015 ከመጥፋት አደጋ ዝርዝር የወጣውን ግራጫ የዴልማርቫ ሽኮኮ ሊያዩበት ይችላሉ። በ1867 የተሠራውን የመብራት ማማ ለፎቶ ካልሆነ ብዙም አልጓጓለትም።

አቅርቦ ማያ መነጽርና የነፋስ መከላከያ ጃኬት አይርሱ። ውሻ መኪና ውስጥ ሆኖም ቢሆን አይገባም፤ ድንኳን ተክሎ ማደርም ክልክል ነው። ለፈረሶቹ ምግብ አይስጡ፤ ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉም። ውስጥ ምግብ ቤት የለም፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ስለሆነ ምሳዎን ቋጥረው ቢሄዱ ይሻላል።

መግቢያ ይከፈላል። ከዕለቱ ቲኬት ይልቅ በ25 ዶላር የሚሸጠውን የፌዴራል «የዳክዬ ቴምብር» ይግዙ፤ እስከ ጁን 30 በመላ አሜሪካ ያሉ እንዲህ ያሉ የዱር እንስሳት መጠለያዎችን ያስገባል፤ ገንዘቡም ለአእዋፍ ማረፊያ መሬት መግዣ ይውላል።