ዋጋ ከመስጠታችን በፊት ሰነዱን እንመርምር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። መንግሥት ለሚያሠራው ሥራ ዋጋ ስንሰጥ፣ የነገሩ ሥር ሰነዱ ነው።

እኛ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመን፣ ወረዳው በጨረታ የሚያሠራውን የትምህርት ቤት ክፍል ለመሥራት ፈለግን እንበል። «ይሄ ሥራ ስንት ብር ይፈጃል?» ከማለታችን በፊት፣ «የተሰጠን ወረቀት ለሒሳብ ይበቃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ወረቀቱ ጎደሎ ከሆነ ሒሳባችንም ጎደሎ ነው። የጎደለውን ለመሙላት በሬ መሸጥ ይመጣል።

1. ሰነዱ ሙሉ ነው ወይ? ፕላኑ፣ የሥራው ዝርዝርና መጠን፣ የጥራት መግለጫውና የውሉ ረቂቅ መኖራቸውን እንይ። ገጾቹን አንድ በአንድ እንቁጠር። በኋላ የወጣ ማሻሻያ ካለም እንጠይቅ።

2. ወረቀቶቹ ይስማማሉ ወይ? መሠረቱ 40 ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ስፋት አለው እንበል። የሥራው ዝርዝር ጥልቀቱን 60 ሳንቲ ሜትር ቢል፣ ቁፋሮው 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ፕላኑ ግን 1 ሜትር ቢል 20 ሜትር ኩብ ይሆናል። የ8 ሜትር ኩብ ቁፋሮና ግንብ ማን ይከፍላል? ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና ውሉ መናገር አለበት።

3. ጥራቱ በግልጽ ተጽፏል ወይ? «በጥሩ ስሚንቶ ይገንባ» ማለት አይበቃም። ለአንድ እጅ ስሚንቶ ሦስት እጅ አሸዋ ነው ወይስ አራት? አሸዋው ሲያንስ የሚገባው ስሚንቶ ይበዛል፤ ወጪውም ይጨምራል።

4. ቦታው እንደ ወረቀቱ ነው ወይ? ሄደን በዓይናችን እንይ። መኪና ይገባል? ውሃ ቅርብ ነው? አፈሩ ዋልካ ነው? ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በዚያ ልክ ካልታሰበ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

5. ጊዜውና ክፍያው ታውቋል ወይ? ሥራው በስንት ቀን ያልቃል? ክረምት ይገባበታል? ቅድሚያ ክፍያ አለ? ሲዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን ያጠቃልላል ወይ? ታክሱ 15 በመቶ ነው። ይህም በ100,000 ብር ላይ 15,000 ብር ነው።

ያልገባንን ሁሉ፣ የጨረታው መዝጊያ ሳይደርስ በጽሑፍ እንጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። «በቃል ነግረውናል እኮ!» ማለት አያዋጣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1724፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል።

መልስ ካላገኘንስ? በግምት ከፍ አድርገን ብንሞላ ጨረታውን ልናጣ እንችላለን። ዝቅ አድርገን ብንሞላ ደግሞ አሸንፈን እንከስራለን። የራሳችንን ቅድመ ሁኔታ ጽፈን ብናስገባ፣ ዋጋችን ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ አባላቱ ተሰብስበን እንምከር። ልንሸከመው የማንችለው ኪሣራ ከታየን፣ ሥራው ቢቀርብን ይሻላል።

ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። ሳናነብ አንፈርም፤ ሳንመረምርም ዋጋ አንሰጥም።

ጥያቄዎች
ሀ. ዋጋ ከማውጣታችን በፊት የትኞቹን ወረቀቶች እንመለከታለን?
ለ. መሠረቱ 30 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ቁፋሮው ስንት ሜትር ኩብ ይሆናል?
ሐ. መልስን በጽሑፍ መቀበል ለምን ይጠቅማል?