አያትን በምን ስም እንጥራ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ አያቱን «ግራንድማ» ወይም «ናና» ይላቸዋል፤ «አንቱ» ማለትም አልለመደም። ወላጆችን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ መተላለፉ ይሆን?

አስቀድመን የቃሎቹን ጠባይ እንወቅ። «ግራንድማዘር» እና «ግራንድፋዘር» በአብዛኛው ለጽሑፍና ስለ አያት ለሌላ ሰው ለመናገር ይውላሉ። ፊት ለፊት ሲጠራሩ አሜሪካውያን «ግራንድማ»፣ «ግራንድፓ» ይላሉ፤ ብሪታንያውያን «ናን»፣ «ግራንዳድ»፤ በደቡባዊ አሜሪካ ደግሞ «ሚሞ» እና «ፓፖ» ይሰማሉ። የብሪታንያው ልዑል ጆርጅ ቅድመ አያቱን ንግሥት ኤልሳቤጥን «ጋን ጋን» ይላቸው እንደ ነበር እናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ተናግራለች። በዚህ ንግሥቲቱ ተናቁ ያለ የለም። እነዚህ ስሞች ግን የቤት ናቸው። እኛ መንገድ ላይ ያገኘናቸውን አሮጊት «እማማ» ብንል አክብሮት ነው፤ በእንግሊዝኛ የማያውቋትን ሴት «ግራኒ» ማለት ግን ያስቀይማል። ልጆች ይህን ልዩነት ይማሩ።

ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስን እንመልከት። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት የጢሞቴዎስን አያት ሎይድን በእምነቷ ሲያመሰግን «ማሜ» የሚል የግሪክ ቃል ጽፏል። ቃሉ መነሻው ሕፃን እናቱን የሚጠራበት ነው፤ ኋላ ለአያት ሆነ። ሐዋርያው የቤትን አጠራር በቅዱስ መልእክቱ ለመጻፍ አላፈረም። እኛስ በጸሎታችን እግዚአብሔርን «አንተ» አይደል የምንለው? ይህን የምንለው ስለምንቀርበው ነው፤ ስላቃለልነው አይደለም።

ታዲያ ክብር በምን ይታወቃል? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን የፈሪሳውያንን ወግ ሲነቅፍ ስለ አጠራር አልተናገረም። ወላጅ ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ ቁርባን፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ፣ ነው እያሉ መከልከላቸውን ነው የገሠጸው። ጳውሎስም በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ልጆችና የልጅ ልጆች ባል ለሞተባት ወላጃቸው ብድራት መመለስን እንዲማሩ ያዝዛል። ስለዚህ ማክበር ማለት መጦር፣ መጠየቅ፣ መታዘዝና ሲታመሙ ማስታመም ነው። አፉ «አንቱ» እያለ እጁ የታጠፈበት ሰው ትእዛዙን አልፈጸመም።

ይህ ማለት አማርኛው ይቅር ማለት አይደለም። ልጁ በአማርኛ ሲናገር «አንቱ» ማለትን ይልመድ፤ የአያቱ ቋንቋ የአያቱ ርስት ነውና። በእንግሊዝኛ ግን አያቱ ደስ ብሏቸው በተቀበሉት ስም ይጥራቸው። «ናና» ስላለ አትገሥጹት፤ «ናና» የሚላቸውን አያቱን ሳይጠይቅ ወራት ካለፉ ግን ገሥጹት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።