ስካነር ሬዲዮ ለጀማሪዎች፦ አስተካክሎ ማዳመጥና ጊዜው ሲመጣ መጠቀም

በእጅ የሚያዝ ስካነር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፖሊስ መስሚያ ነው። እኔ ግን በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስካነሬን አብዝቼ የምጠቀምበት ለአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ፣ ለአውሮፕላኖችና ለባቡሮች ነው። በማኅበራችን ውስጥ "እንዴት ነው የሚሠራው?" ብለው የጠየቁኝ ስለበዙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላስረዳ።

በቅድሚያ ለምን ያስፈልጋል? ሰኔ 29 ቀን 2012 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ምሽት ደሬቾ የሚባለው ኃይለኛ የነፋስ ማዕበል ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን መታ። መብራት ከመጥፋቱም በላይ በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ሰው 911 ደውሎ ማግኘት አልቻለም ነበር። ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጡ በባትሪ የሚሠራ መቀበያ፣ ማሰራጫው እስካልወደቀ ድረስ፣ መስማቱን ይቀጥላል። ነገሩን ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በላይ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስካነር ምንድን ነው?

ስካነር የሚቀበል እንጂ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ አይደለም። የመኪናችሁ ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ብቻ ይሰማል። ስካነር ግን ከዚያ ውጭ ያሉትን ብዙ ሞገዶች ይቀበላል። በውስጡ የመዘገባችሁትን ቻናሎች በፍጥነት እየተመላለሰ ይፈትሻል፤ ንግግር ያገኘበት ላይ ይቆማል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ጉዞውን ይቀጥላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ምን መስማት ነው የምትፈልጉት? ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዲጂታል ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹም ንግግራቸውን በምስጢር ቆልፈውታል። የዲሲ ፖሊስ በ2011 ቆልፎ ነበር። የተቆለፈውን የትኛውም ስካነር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ አይከፍተውም። የአየር ጠባይ፣ የአውሮፕላን፣ የባቡር፣ የጀልባና የአማተር ሬዲዮ ግን በአብዛኛው በተራ አናሎግ መሣሪያ ይሰማሉ። የእኔው ዩኒደን ቢሲ125ኤቲ አናሎግ ብቻ ነው፤ 500 ቻናሎች አሉት፤ እነሱም እያንዳንዳቸው 50 በሚይዙ 10 ባንኮች ተከፍለዋል።

ማስተካከል፣ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ባትሪ። የማይሞላ ባትሪ አስገብታችሁ ከቻርጅ ጋር አታገናኙ፤ ሊያፈስና መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። የሚሞላ ባትሪ ብትጠቀሙም እንኳ ለክፉ ቀን አንድ እሽግ የማይሞላ ባትሪ ከስካነሩ አጠገብ አኑሩ።

ሁለተኛ፣ ስኩዌልች። ጀማሪን የሚያስቸግረው ይህ ነው። ስኩዌልች ማለት ንግግር በሌለበት ጊዜ የሚሰማውን "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ የሚዘጋ በር ነው። መጀመሪያ ሽሽታው እስኪሰማ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉና ሽሽታው ጸጥ ባለበት ቦታ ላይ ተዉት። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ደካማ ጣቢያዎችም አብረው ይዘጋሉ። ሙሉ በሙሉ ዝቅ ካለ ደግሞ ስካነሩ ሽሽታውን እንደ ንግግር ቆጥሮ አንድ ቻናል ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያ። ሌላውን ከመመዝገባችሁ በፊት በዚህ ጀምሩ፤ 24 ሰዓት ስለሚያሰራጭ መሣሪያው መሥራቱን ወዲያው ታረጋግጣላችሁ። በአሜሪካ ሰባት ሞገዶች ተመድበውለታል፦ 162.400፣ 162.425፣ 162.450፣ 162.475፣ 162.500፣ 162.525 እና 162.550 ሜጋ ኸርዝ። በዲሲ አካባቢ የምንሰማው በ162.550 ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ሰባቱንም ሞክሩና አጥርቶ የሚሰማውን ያዙ።

አራተኛ፣ ቻናል መመዝገብ። የቁልፎቹ ቅደም ተከተል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ መመሪያውን ተከተሉ። ለእያንዳንዱ ቻናል የምትሰጡት መረጃ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ሞገዱ፣ የሞገዱ ዓይነት (ኤኤም ወይስ ኤፍኤም)፣ የምታውቁበት ስም፣ እና ዲሌይ። ዲሌይ ማለት ተናጋሪው ካቆመ በኋላ ስካነሩ ትንሽ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል ካልጠበቀ ጥያቄውን ትሰማላችሁ፣ መልሱ ግን ያመልጣችኋል።

አምስተኛ፣ በባንክ መለየት። እኔ አንደኛውን ለአየር ጠባይ፣ ሁለተኛውን ለአውሮፕላን፣ ሦስተኛውን ለባቡር (ከ160 እስከ 161 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ)፣ አራተኛውን ለጀልባ አድርጌአለሁ። የጀልባ ሬዲዮ የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16፣ ማለትም በ156.800 ነው። ያለማቋረጥ የሚጮህ ቻናል ካለ ሎክአውት በሚለው ቁልፍ ዝለሉት።

አንቴናና ቦታ

እነዚህ ሞገዶች በአመዛኙ ቀጥታ ስለሚጓዙ ኮረብታና ግድግዳ ያዳክማቸዋል። ብዙዎቻችን የምንከራየው ቤዝመንት ነውና ስካነሩን መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማላችሁ። የሚሳብ አንቴና ካላችሁ ርዝመቱን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል፦ 7500ን በሜጋ ኸርዙ አካፍሉ፤ መልሱ በሴንቲ ሜትር ነው። ለ162.550 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር፣ ለ125 ሜጋ ኸርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

አውሮፕላን ማዳመጥ

የአቪዬሽን ንግግር ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ በኤኤም ነው። በኤፍኤም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገር ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። በኤኤም ግን ሁለቱ ሲደራረቡ ይሰማል፤ ተቆጣጣሪውም ሌላ ሰው እየጠራው እንደሆነ ይገነዘባል። ግንቡን መስማት ካልቻላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ስለሆነ ድምፁ ከሩቅም ይደርሳል።

ደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ የምትኖሩ የአገራችንን አየር መንገድ የጥሪ ስም፣ "ኢትዮጵያን" ሲባል፣ መስማት ትችላላችሁ። ከስሙ ቀጥሎ የበረራ ቁጥሩ ይመጣል፣ ከዚያ "ሄቪ" የሚል ቃል ይከተላል፤ ትርጉሙም ሲነሳ 300,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሊመዝን የሚችል አውሮፕላን ማለት ነው። የአየር ማረፊያው ሞገዶች በይፋ በሚታተመው የበረራ ሰንጠረዥ ላይ ይገኛሉ።

ማስጠንቀቂያውን መረዳት

መሣሪያው ቢሰማም መልእክቱ ካልገባን ከንቱ ነው። ሁለት ቃላት ለይታችሁ ያዙ። "ዎች" ማለት አደጋው ሊፈጠር የሚችልበት ሁኔታ አለ፣ ተዘጋጁ ነው። "ዋርኒንግ" ማለት ደግሞ አደጋው ደርሷል ወይም እየደረሰ ነው፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚነገረው በአብዛኛው በካውንቲ ስም ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን "ሲልቨር ስፕሪንግ" ሲባል ያውቃሉ፤ "ሞንትጎመሪ ካውንቲ" ሲባል ግን የራሳቸው ሰፈር መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ የካውንቲያችሁንና የአጎራባቾቹን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ሬዲዮው ላይ ለጥፉላቸው። ስካነራችሁ የማንቂያ ድምፁን የሚጠብቅበት አሠራር ካለው ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አብሩት።

ሕግና ነውር

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሞባይል ስልክ ንግግር ማዳመጥ ክልክል ነው፤ እዚህ የሚሸጡ ስካነሮችም እነዚያን ሞገዶች እንዳይቀበሉ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው። እንደ ኒው ዮርክና ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች የፖሊስ ሞገድ የሚቀበል ስካነር ያለ ፈቃድ በመኪና ይዞ መሄድ ሊያስቀጣ ይችላል። በእንግሊዝ ለእናንተ ያልታሰበ መልእክት ሆን ብሎ ማዳመጥ ራሱ ወንጀል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ዓረብ አገሮች የምትጓዙ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ከሕጉ ባሻገር ነውርም አለ። በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሞገድ የሰው አድራሻና ሕመም ይነገራል። የሰማችሁትን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የሰው ገበና ነው፤ ደግሞም በመጀመሪያው ደቂቃ የሚነገር ወሬ ብዙ ጊዜ በኋላ ይታረማል። ቤተሰቡ የልጁን አደጋ ከእኛ ግሩፕ ሊሰማ አይገባም።

የሳምንቱ ልምምድ

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። የአካባቢያችሁን የአየር ጠባይ ጣቢያ አግኙና መዝግቡ። የካውንቲያችሁን ስም ጽፋችሁ ለጥፉ። ከዚያም ረቡዕ ከቀኑ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ (በኛ አቆጣጠር) መሣሪያውን በማንቂያ አሠራሩ ላይ አቆዩት፤ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ሳምንታዊ ሙከራቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ያኔ ነው። ድምፁን ከሰማችሁ መሣሪያችሁ ዝግጁ ነው። ካልሰማችሁ አንቴናውን፣ ቦታውንና ስኩዌልቹን በቅደም ተከተል ፈትሹና በሚቀጥለው ረቡዕ ደግማችሁ ሞክሩ።