ለገመ ከማለታችን በፊት

ጓደኞቼ፣ ነገ ተመድበን ስናስተምር የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜም በእጃችን ይወድቃል። ሜዳውን ሁለት ዙር ሳይጨርስ የሚቀመጥ ተማሪ ሲያጋጥመን «ለገመ» ብለን ዱላ ከማንሣታችን በፊት ስለ ልብ ምት ጥቂት እንወቅ።

ጤነኛ ልብ ምን ይሠራል? የዐዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ወደ 5 ሊትር ያህል ደምም ይረጫል። በሩጫ ጊዜ የሚረጨው ደም ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል።

ምቱ ሲዛባስ? አንደኛ፣ እጅግ ከዘገየ ለሯጩ የሚበቃ ደም አይደርስም። ሁለተኛ፣ እጅግ ከፈጠነ ልብ ለመሙላት ጊዜ ያጣል፤ ጣሳው ሳይሞላ እየደጋገሙ እንደ መቅዳት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች መኮማተራቸው ቀርቶ ከተንቀጠቀጡ የታችኞቹን አሟልተው አይሞሉም። እንዲህ ያለው ሰው ትንሽ ዳገት ያደክመዋል።

በአገራችን አንዱ መነሻ የቶንሲል ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣው ሳይታከም ከቀረ የልብን በር ሊያበላሽ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ይበልጥ የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ማለት የእኛው ተማሪዎች ናቸው። በጊዜው ፔኒሲሊን ከተሰጠ ግን መከላከል ይቻላል።

ታዲያ ምቱ የተዛባበት ሁሉ ከስፖርት ይታገድ? አይደለም። የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ላይ ልቡ ቆሞ ወደቀ። ወዲያው ደረቱን በመጫንና በኤሌክትሪክ ንዝረት አዳኑት። ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ተተክሎለት በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ሜዳ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ሐኪም መርምሮት እንጂ አሠልጣኝ ጮኾበት አይደለም።

ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

1ኛ/ ሲሮጥ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ልቡ ያለ ልክ የሚመታበት ተማሪ ወዲያው ያቁም። ወላጆቹ ይነገራቸውና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

2ኛ/ ሐኪም የፈቀደለት ልጅ እየተንቀሳቀሰ መናገር በሚችልበት ልክ ይለማመድ፤ እያደር ዐቅሙ ሊጨምር ይችላል።

3ኛ/ የማይችለው ደግሞ ሰዓት ይያዝ፣ ነጥብ ይመዝግብ እንጂ ዳር ተገልሎ አይቁም።

ማርክ የምንሰጠው በዙር ብዛት ብቻ ከሆነ የታመመውን ልጅ በሕመሙ ጣልነው ማለት ነው። እንዴት ይመዘን? መምህራንም ጓደኞችም አሳባችሁን ጻፉልን።